ጉዞው ይሰረዝ ወይስ ይጠበቅ? ፖለቲካው ሲናወጥ በዕረፍት ጉዞ ላይ እንዴት እንደሚወሰን

ትኬቱ ተቆርጧል፣ ሆቴሉ ተይዟል፣ የዓመት ፈቃዱ ተጠይቋል። ከዚያ ዜናው ይመጣል፦ ድንበር ሊዘጋ ነው፣ የቪዛ ሕግ ሊቀየር ነው፣ ሁለት መንግሥታት ተካረዋል፣ ዋና ከተማው በሰልፍ ታምሷል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ራሱን የሚጠይቀው «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ አለ፦ «ሳልወስን እስከ መቼ መቆየት እችላለሁ? መቆየቴስ ስንት ያስከፍለኛል?» ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሰው በመሄዱ ወይም በመቅረቱ ሳይሆን ካለጊዜው በመሰረዙ ነው።

ቀድሞ የሰረዘ ይከፍላል

ነገሩ ከጉዞ ውል ጠባይ የሚመነጭ ነው። መንገደኛው ራሱ ሲሰርዝ የሚዳኘው በተስማማበት የስረዛ ደንብ ነው፤ ቅጣቱን ይከፍላል። አየር መንገዱ፣ ሆቴሉ ወይም አስጎብኚው ሲሰርዝ ግን ዕዳው ወደ እነርሱ ይዞራል። በረራው ያው፣ ቀኑ ያው፣ ቀውሱም ያው ሆኖ፣ ሰኞ ዕለት የሰረዘው ሰው ባዶ እጁን ሲቀር እስከ ሐሙስ የታገሠው ሙሉ ገንዘቡን ሊያገኝ ይችላል።

ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ የሚያሳይ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉዳዩ የወረርሽኝ እንጂ የፖለቲካ ባይሆንም ሕጉ አንድ ነው። በጀርመን የሚገኝ አንድ መንገደኛ ከኤፕሪል 3 እስከ 12፣ 2020 ጃፓን ለመቆየት ጥቅል ጉዞ (በረራና ሆቴልን የመሰሉ አገልግሎቶች በአንድነት የሚሸጡበትን) ገዝቶ ነበር። ኮሮና ሲያስፈራው ማርች 1 ቀን ሰረዘ። ጃፓን በሯን የዘጋችው ማርች 26 ነው። መንገደኛው «አየህ፣ ጉዞው መሰናከሉ አይቀርም ነበር፤ ቅጣቱን መልስልኝ» ብሎ ተከራከረ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ፌብሩዋሪ 29፣ 2024 በሰጠው ውሳኔ መታየት ያለበት በተሰረዘበት ቀን የነበረው ሁኔታ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የደረሰው ነገር አይቆጠርም። እስከ ማርች 26 ቢጠብቅ ኖሮ ክርክር ውስጥ መግባት እንኳ ባላስፈለገው ነበር።

ይህ ማለት ሁልጊዜ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ይጠበቅ ማለት አይደለም። መጠበቅ በነጻ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ፤ መጠበቅ የሚያስከፍልባቸው ቀናትም አሉ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሂሳቡን በቀን መደርደር

ወረቀት አውጥተው እያንዳንዱን ክፍያ በየመስመሩ ይጻፉ። ከጎኑ ሦስት ነገር ያስፈሩ፦ ዛሬ ቢሰረዝ ስንት ይመለሳል፣ ይህ መጠን የሚቀየረው በየትኛው ቀን ነው፣ ገና ያልተከፈለ ቀሪ ካለ መቼ ይከፈላል። መረጃው ከማረጋገጫ ኢሜይሉ ውስጥ፣ «የስረዛ ደንብ» ወይም «የታሪፍ ሁኔታ» በሚለው ሥር ይገኛል። የሆቴል ነጻ የስረዛ ቀን ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በሆቴሉ አገር ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው በጥቂት ሰዓት ልዩነት የሚቀጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በምሳሌ እንየው። በረራው 1,400 ዶላር፣ ከዚህ ውስጥ ባይበሩበት ተመላሽ የሚሆን የአየር ማረፊያ ታክስ 300 ነው እንበል፤ ቀን መቀየር በ200 ይቻላል። ሆቴሉ 900፣ ከጉዞው 7 ቀን በፊት ድረስ በነጻ ይሰረዛል። አስጎብኚው 500፤ ቀብድ 150 ተከፍሏል፣ ቀሪው 350 ከጉዞው 30 ቀን በፊት ይከፈላል። ዛሬ ከጉዞው 60 ቀን ቀድመን ብንገኝ፣ መሰረዝ የሚያሳጣን ከበረራው 1,100 እና ከቀብዱ 150፣ በድምሩ 1,250 ነው። ጉዞው 31 ቀን ሲቀረው ብንሰርዝስ? ያው 1,250። ማለትም ዛሬ መሰረዝ አንዲት ሳንቲም አያተርፍም፤ የሚያመጣው ነገር ቢኖር አየር መንገዱ ራሱ ሰርዞ 1,400 ሊመልስ የሚችልበትን ዕድል መዝጋት ነው። የአስጎብኚው ቀሪ ከተከፈለ በኋላ ኪሳራው 1,600 ይሆናል። የሆቴሉ 7 ቀን ካለፈ 2,500 ይደርሳል። ስለዚህ እውነተኛዎቹ የውሳኔ ቀናት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ጉዞው 31 ቀን ሲቀረውና 8 ቀን ሲቀረው። በመካከል ያሉት ቀናት የዜና መከታተያ እንጂ የውሳኔ ቀናት አይደሉም።

ለቪዛና ለኢንሹራንስ የወጣው ገንዘብ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም፤ ሆን ብለን ነው የተውነው። ቢሄዱም ቢቀሩም የማይመለስ ገንዘብ ለውሳኔው መመዘኛ መሆን የለበትም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። «ይህን ሁሉ ከፍዬማ አልቀርም» ብሎ ወደ አደጋ የሚሄድ ሰው በጠፋው ገንዘብ ላይ ሌላ ነገር እየጨመረ ነው።

በምሳሌው ላይ ያለችው 200 ዶላር ግን ልብ ትባል። ቀን መቀየር ከመሰረዝ በብዙ ይረክሳል፤ ምንም እንኳ የአዲሱ ቀን ታሪፍ ከፍ ካለ ልዩነቱ ቢጨመርም። ቀውስ ሲነሣ ደግሞ አየር መንገዶች ከተወሰነ ቀን በፊት ለተቆረጡ፣ በተወሰኑ ቀናት ለሚበሩ ትኬቶች ያለ ቅጣት ቀን የመቀየር ፈቃድ ያወጣሉ። ፈቃዱ አንዳንዴ ለጥቂት ቀናት በረራ ብቻ ይወጣና ሁኔታው ካልረገበ ይራዘማል። በረራዎ ከተጠቀሱት ቀናት ውጭ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ፤ በየጠዋቱ የአየር መንገዱን ገጽ ይመልከቱ።

በረራው ሳይሆን ወረቀቱ

ፖለቲካ ሲናወጥ ሰው የሚፈራው በረራ ይቆማል ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀየረው ግን የመግቢያ ደንቡ ነው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትወጣለች የተባለበት ቀን ማርች 29፣ 2019 ነበር። ያለ ስምምነት ከወጣች በረራ ይቋረጣል የሚል ስጋት በሰፊው ተናፈሰ። ኅብረቱ መሠረታዊ በረራዎች እንዲቀጥሉ የሚያደርግ ጊዜያዊ ደንብ አስቀድሞ አወጣ፤ ቀኑ ወደ ኤፕሪል 12፣ ከዚያም ወደ ኦክቶበር 31 ተገፋ፤ መውጣቱ የተፈጸመው ጃንዋሪ 31፣ 2020 ነው። በረራው በዚህ ምክንያት አልቆመም። በፍርሃት የሰረዘ ሰው ቅጣቱን የከፈለው ለማይመጣ ነገር ነበር። የተቀየረው ሌላ ነው፦ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ የብሪታንያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሡ የአውሮፓ አገሮች) ሲገባ ፓስፖርቱ ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላውና ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠየቃል። ይህን ሳያዩ ከአየር ማረፊያ የተመለሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ደግሞ ኢንሹራንስ በአብዛኛው አይሸፍንም።

የመግቢያ እገዳ ሲታወጅ አራት ነገሮችን ከራሱ ከሰነዱ ማንበብ ይገባል፦ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ የሚመለከተው በዜግነት ነው ወይስ በመነሻ ቦታ፣ ነጻ የተደረጉት እነማን ናቸው፣ አስቀድሞ የተሰጠ ቪዛስ ምን ይሆናል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጃንዋሪ 27፣ 2017 አሜሪካ የ7 አገሮች ዜጎች ለ90 ቀናት እንዳይገቡ ያወጣችው ትዕዛዝ በተፈረመበት ቀን ሥራ ላይ ስለዋለ፣ ቪዛ ይዘው አየር ላይ የነበሩ ሰዎች ሲያርፉ ተያዙ፤ ከሳምንት በኋላ ፌብሩዋሪ 3 ላይ ሲያትል ያለ የፌዴራል ዳኛ አስቆመው። በጁን 2025 የወጣው እገዳ ግን ጁን 4 ተፈርሞ ከጁን 9 ጀምሮ ነው የጸናው፤ 12 አገሮችን ሙሉ በሙሉ፣ 7ቱን በከፊል የሚመለከት ሲሆን ቀድሞ የተሰጡ ቪዛዎች በእርሱ አልተሰረዙም። ማርች 11፣ 2020 ምሽት ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚደረግ ጉዞ ሊታገድ ነው ሲባል ደግሞ የአሜሪካ ዜጎች ሌሊቱን በውድ ዋጋ አዲስ ትኬት ለመግዛት ተሻሙ፤ እገዳው ግን ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን አይመለከትም ነበር። ንግግሩን ሰምተው ጽሑፉን ሳያነቡ ወሰኑ።

አየር መንገዶች መንገደኛ ይሳፈር አይሳፈር የሚለውን የሚያጣሩት ቲማቲክ በተባለ የመረጃ ቋት ነው። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) ያዘጋጀዋል፤ ብዙ አየር መንገዶችም ለመንገደኛው በገጻቸው ላይ ክፍት አድርገውታል። ዜግነትን፣ መዳረሻንና ትራንዚትን ሲያስገቡ የሚጠየቀውን ሰነድ ያሳያል። የመሳፈሪያ ሠራተኛዋ ፊት ሲቆሙ የሚከበረው ዜናው ሳይሆን ይህ ነው።

ከዜግነታቸው ውጭ በሆነ አገር የሚኖሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለባቸው፤ በእኛ እምነት ከሁሉም የከበደው ይኸኛው ነው፦ «መመለስ እችላለሁ?» የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ በሂደት ላይ ያለ ሰው ከአገር ሲወጣ ማመልከቻው እንደተተወ የሚቆጠርባቸው ሕጎች አሉ። በአሜሪካ የነዋሪነት ማመልከቻ ያስገባ ሰው አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ ሳያገኝ ከአገር ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻው ይወድቃል። የሁለት ሳምንት ዕረፍት ከዓመታት ጥበቃ ጋር አይመዘንም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ሂሳብ መደርደሩን ትቶ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ።

መግባት ቀላል ሆኖ መውጣት ሲከብድ

ኖቬምበር 25፣ 2008 ተቃዋሚዎች የባንኮክን ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ተቆጣጠሩ። እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ድረስ መደበኛ በረራ አልነበረም፤ ብዙ ሺህ ጎብኚዎች መውጫ አጡ። በከተማው ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ውስጥ የተለየ አደጋ አልነበረም፤ የተደፈነው መውጫው ነው። ስለዚህ የመዳረሻውን ፀጥታ ብቻ ሳይሆን መውጫዎቹን መቁጠር ያስፈልጋል። በየብስ ወደ ጎረቤት አገር መሻገር ይቻላል? ለዚያ አገር ቪዛ ያስፈልጋል? ሁለተኛ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ አለ? አንድ አየር ማረፊያ ብቻ ያላት ደሴትና አምስት መውጫ ያላት አገር፣ የፖለቲካ ውጥረታቸው እኩል ቢሆን እንኳ፣ ስጋታቸው እኩል አይደለም።

መሃል መንገድም አለ። ጁን 23፣ 2025 ኳታር የአየር ክልሏን ለሰዓታት ስትዘጋ የተጉላሉት ወደ ኳታር የሚሄዱት ብቻ አልነበሩም፤ በዶሃ አልፈው ወደ እስያ፣ አፍሪካና አውሮፓ የሚጓዙት ጭምር እንጂ። የአየር ክልሉ በዚያው ሌሊት ቢከፈትም የተዛባው በረራ እስኪስተካከል ቀናት ወሰደ። የትራንዚት አገሩን ፖለቲካ እንደ መዳረሻው አድርገው ይመልከቱት። ሁሉም በረራ በአንድ ትኬት ላይ ከሆነ የመጀመሪያው ሲዘገይ አየር መንገዱ ወደ መጨረሻው የማድረስ ግዴታ አለበት። ርካሽ ሆኖ ስለተገኘ ለየብቻ የተቆረጡ ሁለት ትኬቶች ከሆኑ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ «አልመጡም» ብሎ ይሰርዛል። በውጥረት ወቅት ለየብቻ የተቆረጠ ትኬት መያዝን አንመክርም።

የመንግሥት የጉዞ ማሳሰቢያ ምን ይነግራል፣ ምን አይነግርም

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አገሮችን ከ1 እስከ 4 በደረጃ ይመድባል፤ 1 የተለመደው ጥንቃቄ፣ 2 ተጨማሪ ጥንቃቄ፣ 3 ጉዞውን እንደገና ያጢኑ፣ 4 አይጓዙ። ደረጃ 2 ብዙ ሰው እንደሚያስበው የማንቂያ ደወል አይደለም፤ ፈረንሳይና ጀርመን ባለፉት ዓመታት በዚህ ደረጃ ላይ ነበሩ። ብሪታንያ ቁጥር አትጠቀምም፤ «በጣም አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር አይጓዙ» እና «በፍጹም አይጓዙ» የሚሉ ሁለት ከባድ ማሳሰቢያዎች አሏት፤ ለክልልም ለይታ ትሰጣለች። ካርታው ላይ ቀይ የተቀባው ድንበር ከሆቴልዎ 800 ኪሎ ሜትር የራቀ ሊሆን ይችላል። ርዕሱን ሳይሆን ካርታውን፣ ከካርታውም በታች ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ።

ማሳሰቢያው ከምክርነቱ ባሻገር የውል ክብደት አለው። በብሪታንያ በተገዙ አብዛኞቹ የጉዞ ኢንሹራንሶች፣ ከእነዚህ ሁለት ማሳሰቢያዎች ተቃራኒ የሄደ ሰው ሽፋኑን ያጣል፤ እግሩ ቢሰበር የሆስፒታሉን ሂሳብ ራሱ ነው የሚከፍለው። ለኢንሹራንስ የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ ውሉ የተገባበት አገር መንግሥት ማሳሰቢያ ነው፤ የጎረቤት አገር መንግሥት ያለው አይደለም። በሌላ በኩል በአሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ውሎች ማሳሰቢያው ከፍ ማለቱን ብቻውን ለስረዛ ካሳ ምክንያት አያደርጉትም። በአውሮፓ የጥቅል ጉዞ ሕግ ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በዚያው በ2024 እንዳለው፣ ያለ ቅጣት ለመሰረዝ የመንግሥት ማሳሰቢያ መኖር የግድ አይደለም፤ ሁኔታው በማስረጃ መታየቱ ይበቃል።

ኢንሹራንስ፦ ከዜናው በፊት ወይስ በኋላ?

መድን የሚሸጠው ላልታወቀ አደጋ ነው። ቀውሱ በዜና ከወጣ በኋላ የተገዛ ውል ያንኑ ቀውስ «የታወቀ ክስተት» ብሎ ከሽፋን ውጭ ያደርገዋል። የውጥረት ዜና ሰምተው ዛሬ ኢንሹራንስ የሚገዙ ሰዎች ለሕመም፣ ለሻንጣ መጥፋት ይጠቅማቸዋል፤ ለፈሩት ነገር ግን አይደለም። ትኬት በተቆረጠበት ቀን ኢንሹራንስ ይገዛ የምንለው ለዚህ ነው።

በጊዜው የተገዛውም ቢሆን የማይሸፍናቸው ነገሮች አሉ። ጦርነት በአብዛኛው ከሽፋን ውጭ ነው። የቪዛ መከልከል፣ ድንበር ላይ መመለስ፣ የመግቢያ ሕግ መቀየር እንዲሁ። ከሁሉም ይልቅ ሰውን የሚያስከፋው «መሄድ አልፈልግም» ወይም «ፈራሁ» የሚለው ምክንያት አለመሸፈኑ ነው። ውሉን ሲያነቡ የሽፋን ዝርዝሩን ብቻ አይመልከቱ፤ «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል ከፍተው «ጦርነት»፣ «የሕዝብ ዓመፅ»፣ «ሽብር»፣ «የመንግሥት እርምጃ» የሚሉትን ቃላት አንድ በአንድ ይፈልጉ። ዓመፅና ጦርነት በውል ቋንቋ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ተሸፍኖ ሌላው ሊቀር ይችላል።

ለፍርሃት ራሱ የሚከፍል የኢንሹራንስ ዓይነት አለ፤ በማንኛውም ምክንያት መሰረዝን የሚፈቅድ ተጨማሪ ሽፋን ነው፣ በተለይ በአሜሪካ ገበያ ይገኛል። ሁኔታዎቹ ግን ጥብቅ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ባሉት 14 እስከ 21 ቀናት ውስጥ መገዛት አለበት፤ ተመላሽ የማይሆነው ወጪ በሙሉ መድን ሊገባለት ይገባል፤ ስረዛውም ከጉዞው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት መሆን አለበት። የሚመልሰው ሙሉውን አይደለም፤ ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። አረቦኑንም ያስወድደዋል። ለ3,000 ዶላር ጉዞ አያዋጣ ይሆናል፤ ለ15,000ው ሊያዋጣ ይችላል። ይህን ሽፋን አለኝ ብሎ አንዱን ሆቴል መድን ሳያስገባ የተወ ሰው ጥያቄው ውድቅ ሊደረግበት ይችላል፤ ከዚህ ሽፋን ጋር በተያያዘ ከሚፈጠሩት ስሕተቶች አንዱ ይህ ነው።

አየር መንገዱ ሲሰርዝ የሚገባዎት

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 ከኅብረቱ አየር ማረፊያ የሚነሣ ማንኛውንም በረራ፣ እንዲሁም በኅብረቱ አየር መንገድ ወደ ኅብረቱ የሚገባ በረራን ይመለከታል። በረራ ሲሰረዝ ምርጫው የመንገደኛው ነው፦ ወይ ገንዘቡ በ7 ቀን ይመለስለታል፣ ወይ በሌላ በረራ ይሄዳል። ከ250 እስከ 600 ዩሮ ያለው ካሳ ግን የተለየ ነው፤ ደንቡ የፖለቲካ አለመረጋጋትን በስም ጠቅሶ ከልዩ ሁኔታዎች ስለሚቆጥረው በእንዲህ ያለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም። ካሳው ቀረ ማለት ግን ሁሉም ቀረ ማለት አይደለም። ሌላ በረራ እስኪገኝ ድረስ ሆቴልና ምግብ የማቅረብ ግዴታው ይቀጥላል፤ በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ በረራ ባቆመ ጊዜ የተነሣን ክርክር የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2013 ሲወስን፣ ይህ ግዴታ የጊዜም የገንዘብም ጣሪያ እንደሌለው ተናግሯል። ደረሰኞችን ይያዙ።

በአሜሪካ ከ2024 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ፣ በረራ ሲሰረዝ ወይም በአገር ውስጥ 3 ሰዓት፣ በዓለም አቀፍ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሲዛነፍና መንገደኛው አማራጩን ካልተቀበለ፣ በክሬዲት ካርድ ለተከፈለው በ7 የሥራ ቀናት፣ በሌላ መንገድ ለተከፈለው በ20 ቀናት ገንዘቡ መመለስ አለበት። የሰዓት ለውጥ ኢሜይል ሲደርስ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ቁልፍ ከመጫን በፊት ያስቡ። በዚያች አንዲት ጠቅታ ሙሉ ተመላሽ የማግኘት መብት ይጠፋል። መሰረዝ ለሚፈልግ ሰው የሰዓት ለውጥ መልካም ዕድል ነው።

ቫውቸርም እንዲሁ። በቀውስ ጊዜ ድርጅቶች ከገንዘብ ይልቅ ቫውቸር (ከዚያው ድርጅት ወደፊት የሚገዛበት ሰነድ) ያቀርባሉ፤ አንዳንዴም ትንሽ ጉርሻ ይጨምሩበታል። በአውሮፓው ደንብ ቫውቸር የሚሰጠው መንገደኛው በፊርማው ከተስማማ ብቻ ነው። ድርጅቱ ከከሰረ ቫውቸሩ ወረቀት ሆኖ እንደሚቀር፣ የአገልግሎት ጊዜም እንዳለው አስበው ይወስኑ።

ትኬቱን በወኪል ከገዙ መንገዱ ይረዝማል፤ አየር መንገዱ ወደ ወኪሉ፣ ወኪሉ ወደ አየር መንገዱ ይመልሳል። በባንክ መግለጫዎ ላይ ገንዘቡን የወሰደው የማን ስም እንደሆነ ይመልከቱና ጥያቄውን ለዚያው በጽሑፍ ያቅርቡ። ካልተሳካ ካርዱ አለ። በብሪታንያ በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ዋጋው ከ100 በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ የሆነ ነገር በክሬዲት ካርድ ሲገዛ ካርድ ሰጪው ከሻጩ ጋር እኩል ይጠየቃል። በሌላውም ዓለም ቻርጅባክ የተባለው ገንዘብ የማስመለሻ ሥርዓት አለ፤ ጊዜው በብዙ ካርዶች ወደ 120 ቀን ገደማ ስለሆነ የወኪሉን «ትንሽ ይታገሡ» እየሰሙ ማሳለፍ አይገባም። ቻርጅባክ የሚሠራው ግን አገልግሎቱ ሳይሰጥ ሲቀር ነው፤ ራስዎ ለሰረዙት አይደለም።

ሳይጠብቁ መሰረዝ የሚገባው መቼ ነው?

መጠበቅን አብዝተን ብንመክርም የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎች አሉ። ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ፣ ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) የሚያስፈልገው ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ለአሥር ቀን መውጫ ብታጣ ምን ይሆናል የሚለው መልስ ካጣ፣ ሂሳቡ አያስፈልግም። ከላይ ያነሣነው የመመለስ ሥጋትም እንዲሁ ነው። ማሳሰቢያው ኢንሹራንሱን ከሻረና ከውሳኔ ቀን በፊት ይነሣል የሚያሰኝ ምልክት ከሌለ ይሰረዝ። የዚያን አገር መንግሥት ድርጊት በመቃወም መቅረት የሚፈልግ ሰውም አለ፤ የሕሊና ጉዳይ ነው፣ እናከብረዋለን። ግን ኢንሹራንስ እንደ ሐሳብ መለወጥ ስለሚቆጥረው፣ እንዲህ ያለው ውሳኔ ቅጣቱ ዝቅ ባለበት ቀን፣ ቀሪው ክፍያ ሳይከፈል ይፈጸም።

ከቤተሰቡ አንዱ ሊሄድ ሌላው ሊቀር ከወሰኑ፣ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ያሉትን ስሞች አየር መንገዱ እንዲለያይ መጀመሪያ ይጠይቁ። ሳይለያዩ አንዱን መሰረዝ አንዳንዴ ሁሉንም ይሰርዛል። የሆቴል ክፍሉና የአስጎብኚው ዋጋ ለአንድ ሰው ሲሆን ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህንንም በሂሳቡ ላይ ያስገቡ።

ሲሰርዙ

መጀመሪያ የስረዛ ደንቡንና ያለውን የመግቢያ ወይም የፀጥታ ማሳሰቢያ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪን ሾት ያንሡ፤ ገጾቹ ነገ ሊቀየሩ ይችላሉ፣ ክርክር ከተነሣ ደግሞ የሚታየው የተሰረዘበት ቀን ሁኔታ ነው። ኢንሹራንስ ካለ ከመሰረዝ በፊት ለድርጅቱ ያሳውቁ፤ አንዳንድ ውሎች ሳያሳውቁ ለተሰረዘ አይከፍሉም። ቀጥሎ በነጻ የሚሰረዙትን ሳይሆን ቅጣት ያለባቸውን አቅራቢዎች በስልክ አነጋግረው ቀን ለመቀየር ወይም ለሌላ ሰው ለማዛወር ይጠይቁ፤ በቀውስ ጊዜ ከተጻፈው ደንብ የተሻለ ነገር የሚሰጡ ሆቴሎች ብዙ ናቸው፣ ጠያቂ ይፈልጋሉ እንጂ። በስልክ የተነገረውን ቃል በኢሜይል እንዲያረጋግጡልዎ ያድርጉ። በረራውን በመጨረሻ ይሰርዙ።

በረራውን ሳይሰርዙ ዝም ብሎ መቅረት ግን ከሁሉ የከፋ ነው። የመሄጃው የመጀመሪያ በረራ ካልተበረረ የመልሱ ትኬት ወዲያው ይሰረዛል፣ የቀረው ዋጋም ይጠፋል። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ከሰረዙ ቢያንስ የአየር ማረፊያ ታክሱን መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ አየር መንገዶች ካልተጠየቁ አይመልሱትም። ጥያቄውን ያስገቡበትን ቀን ጽፈው ይያዙና ከላይ የተጠቀሱት የ7 እና የ20 ቀን ገደቦች ለእርስዎ የሚሠሩ ከሆነ በማግሥቱ ይጻፉላቸው።